«ግልጽ ነው» ከመባሉ በፊት፦ ፍርድ ቤቶች የውልን ቃል እንዴት ያነባሉ?

በውል ክርክር ላይ ከሚሰጡ ውሳኔዎች ውስጥ ከሁሉ አጥሮ የሚጻፈው፣ የክርክሩን ውጤት ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ዓረፍተ ነገር «የውሉ ቃል ግልጽ ስለሆነ ትርጉም አያስፈልገውም» የሚለው ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር አንዴ ከተጻፈ ሁለቱ ወገኖች ከመፈራረማቸው በፊት ምን ይነጋገሩ እንደነበር፣ ከተፈራረሙም በኋላ ውሉን ለዓመታት እንዴት ሲፈጽሙት እንደቆዩ የሚያሳየው ማስረጃ ሳይሰማ ይቀራል። የውል ውሳኔዎችን ማንበብ የዘወትር ሥራዬ በመሆኑ ነገሩ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። አንድ ቃል ግልጽ ነው ብሎ መወሰን ራሱ መተርጎም እንደሆነ፣ እንዲያውም ከትርጉም ሥራ ሁሉ ከባዱ ክፍል እርሱ እንደሆነ አምናለሁ፤ ይህንንም በተለያዩ አገሮች በተወሰኑ ጉዳዮች ለማስረዳት እሞክራለሁ። የኢትዮጵያ ሕግ የወጣበትን ዓመት ሳይጨምር፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል አተረጓጎም ከአንቀጽ 1732 እስከ አንቀጽ 1739 ድረስ ይደነግጋል። የመጀመሪያው ድንጋጌ ውል በቅን ልቦና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን መተማመንና የንግድ ልማድን መሠረት አድርጎ መተርጎም እንዳለበት ይናገራል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከቃሉ ርቆ የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጉም ሊፈልግ እንደማይችል ይከለክላል። አንቀጽ 1734 ደግሞ ቃሉ አሻሚ በሆነ ጊዜ የሁለቱ ወገኖች የጋራ ሐሳብ መፈለግ እንዳለበት፣ ለዚህም ከውሉ በፊትና በኋላ ያሳዩት ጠባይ ግምት ውስጥ እንደሚገባ ያዛል። ቅደም ተከተሉ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ግልጽ ከሆነ ቃሉ፣ ካልሆነ ሐሳቡ። ሕጉ የማይነግረን አንድ ነገር ግን አለ፦ ዳኛው ቃሉ ግልጽ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ምን ምን ተመልክቶ ነው? ወረቀቱን ብቻ ወይስ ወረቀቱ የተጻፈበትን ሁኔታ ጭምር?

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1156፣ በቃሉ ቀጥተኛ ፍቺ ላይ ከመቆም ይልቅ የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ ሊፈለግ ይገባል ይል ነበር። ይህ ለዳኛው ሰፊ ሥልጣን የሚሰጥ አነጋገር ነው። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ1872 በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ፣ የውሉ ቃል ግልጽና ቁርጥ ያለ ሲሆን ዳኞች በትርጉም ስም ሊያጣምሙት እንደማይችሉ ወሰነ። በ2016 በተደረገው ማሻሻያ ሁለቱም ሐሳቦች ጎን ለጎን በሕጉ ሰፍረዋል፤ አንቀጽ 1188 የጋራ ሐሳብን፣ እርሱ ካልተገኘም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ የሚገኝ አመዛዛኝ ሰው ይረዳው የነበረውን ትርጉም ፈልጉ ሲል፣ አንቀጽ 1192 ግልጽ የሆነውን አታጣምሙ ይላል። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ እንደመሆናቸው፣ ከሕጉና ከፍርዱ የመጡት ሁለት አስተሳሰቦች በአንቀጽ 1733 እና 1734 አብረው መገኘታቸው አያስደንቅም።

አሁን በዝርዝር ማየት ወደምፈልገው ጉዳይ ልለፍ። በ1960 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ሄንሪ ፍሬንድሊ የወሰኑት የዶሮ ክርክር በሕግ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚነሣው ቀላልና አስቂኝ ስለሚመስል ነው፤ እኔ ግን የውል ቃል እንዴት መነበብ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ከአሜሪካ ሻጭ ጋር የታረደና የቀዘቀዘ ዶሮ ለመግዛት ተዋዋለ። ዶሮዎቹ በሁለት ዓይነት ክብደት የተከፈሉ ነበሩ፤ ከባዶቹ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ፓውንድ የሚመዝኑ ሆነው ዋጋቸው በመቶ ፓውንድ 33 ዶላር፣ ቀላሎቹ ደግሞ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ፓውንድ ሆነው 36 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ዕቃው ሲደርስ ከባዶቹ ዶሮዎች በአብዛኛው ለቅቅል እንጂ ለጥብስ የማይሆኑ ያረጁ ዶሮዎች ሆነው ተገኙ። ገዢው «ዶሮ ማለት በንግዱ ዓለም ለጥብስ የሚሆን ለጋ ዶሮ ነው» አለ፤ ሻጩም «ያረጀችውም ዶሮ ናት» ብሎ መለሰ።

ዳኛው በቀጥታ መዝገበ ቃላት ገልጠው ጉዳዩን ሊዘጉት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ቃሉ ብቻውን ሲታይ ሁለቱንም ትርጉም እንደሚቀበል ካረጋገጡ በኋላ የቀረበውን ሁሉ አንድ በአንድ መረመሩ። የሻጩ ሠራተኛ እንደመሰከረው የገዢውን ወኪል ምን ዓይነት ዶሮ እንደሚፈለግ ሲጠይቀው «ማንኛውም ዓይነት ዶሮ» የሚል መልስ አግኝቷል። ስለ ንግዱ ልማድ ለገዢው የመሰከረ አንድ ነጋዴ ዶሮ ሲባል ለጋውን እንደሚረዳ ቢናገርም፣ እርሱ ራሱ ሲገዛ ግን ለጋውን ሲፈልግ ለጋ፣ ያረጀውን ሲፈልግ ያረጀ ብሎ ለይቶ እንደሚጽፍ አመነ። ውሉ የመንግሥትን የምርመራ ደረጃ ይጠቅስ ስለነበር ደንቡ ሲታይ ያረጁ ዶሮዎችንም በዶሮ ምድብ ውስጥ ያካትታል። በመጨረሻም ዋጋው አለ፤ ለጋው ዶሮ በዚያ ክብደት በገበያ ከ33 ዶላር በላይ ይሸጥ ስለነበር ሻጩ እያወቀ ኪሳራ ውስጥ ለመግባት ተዋዋለ ማለት አያስኬድም። ሻጩ ለዶሮ ንግድ አዲስ መሆኑም ተቆጥሮለታል፤ የንግድ ልማድ አዲስ ገቢውን የሚያስገድደው እርሱ በእርግጥ ያውቀው የነበረ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ወይም ልማዱ እጅግ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ አያውቀውም ማለት በማይቻልበት ጊዜ ነውና። ቃሉን በጠባቡ ትርጉም እንረዳው ያለው ገዢው ስለሆነ የማስረዳት ሸክሙም የእርሱ ነበር፤ አላስረዳምና ተሸነፈ።

በዚህ ውሳኔ የምወደው ነገር ውጤቱን አይደለም፤ በሌላ ማስረጃ ገዢው ሊያሸንፍ ይችል ነበር። የምወደው ዳኛው ትርጉሙን ያገኙበትን እያንዳንዱን እርምጃ በጽሑፍ ማሳየታቸውን ነው። ተሸናፊው ወገን ለምን እንደተሸነፈ፣ ምን ቢያቀርብ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ እንደነበር ከፍርዱ ማወቅ ይችላል። «ዶሮ የሚለው ቃል ግልጽ ነው» የሚል አንድ መስመር ይህን ሁሉ ይደብቀው ነበር።

ከውጭ ሲታይ ፈጽሞ አሻሚነት የሌለው የሚመስል ቃል እንኳ ከሁኔታው ጋር ሲገናኝ ሌላ ሊሆን ይችላል። በ1832 በእንግሊዝ በተወሰነ ጉዳይ አንድ ተከራይ ኪራዩ ሲያበቃ በመሬቱ ላይ ለሚተዋቸው ጥንቸሎች በሺህ ተሰልቶ ሊከፈለው ተዋውሎ ነበር። የአካባቢው ልማድ ጥንቸል ሲቆጠር «አንድ ሺህ» የሚለው 1,200 ማለት እንደሆነ በምስክር ሲረጋገጥ ፍርድ ቤቱ ተቀበለው። ቁጥር እንኳ ማስረጃ ካስፈለገው የትኛው ቃል ነው ያለ ማስረጃ ግልጽ የሚባለው? በ1864 ደግሞ ከቦምቤይ «ፒርለስ» በምትባል መርከብ ስለሚመጣ ጥጥ በተደረገ ውል ላይ፣ በዚያ ስም የሚጠሩ ሁለት መርከቦች እንዳሉና አንዷ በጥቅምት ሌላዋ በታኅሣሥ ከወደቡ እንደተነሡ በክርክሩ ተገለጸ፤ ገዢው አንደኛዋን፣ ሻጩ ሌላዋን አስበው ነበር የተባለበት ይህ ክርክር በገዢዎቹ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። በወረቀቱ ላይ የመርከቧ ስም ከዚያ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም ነበር።

የዚህ ሐሳብ ዋና ተከራካሪ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሮጀር ትሬይነር ናቸው። በ1968 በቀረበላቸው ጉዳይ አንድ የሥራ ተቋራጭ የአንድን የእንፋሎት ተርባይን ክዳን ሊቀይር ተዋውሎ፣ በንብረት ላይ ከሚደርስ ጉዳት ለሚመጣ ኪሳራ ሁሉ አሠሪውን ሊክስ ግዴታ ገብቷል። በሥራው ላይ ክዳኑ ወድቆ የአሠሪውን ተርባይን ጎዳ። ተቋራጩ፣ ይህ የካሳ ግዴታ የሦስተኛ ወገኖችን ንብረት ብቻ የሚመለከት መሆኑን በአሠሪው ወኪሎች ቃልና በሁለቱ መካከል ከዚያ በፊት በነበሩ ተመሳሳይ ውሎች አፈጻጸም ላስረዳ አለ። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ አጻጻፉ ለሦስተኛ ወገን ካሳ የተለመደው ዓይነት መሆኑን ራሱ ተናግሮ ሳለ፣ ቃሉ ግን ግልጽ ነው በማለት ማስረጃውን አልሰማም አለ። ትሬይነር ውሳኔውን ሲሽሩ የሰጡት ምክንያት፣ ቃል ከተናጋሪዎቹና ከሁኔታው ተነጥሎ የቆመ ፍጹም ትርጉም ስለሌለው፣ ዳኛው በመጀመሪያ የቀረበውን ማስረጃ ተመልክቶ ቃሉ የተባለውን ትርጉም በአግባቡ ሊሸከም ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ነው። የኒው ዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በበኩሉ በ1990 በሰጠው ውሳኔ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል፤ ውሉ የተሟላና በወረቀቱ ላይ ግልጽ ሆኖ ከታየ፣ አሻሚነትን ለመፍጠር ሲባል የውጭ ማስረጃ ማቅረብ አይቻልም።

የኒው ዮርክን አቋም ማቃለል ተገቢ አይደለም። ነጋዴዎች ውላቸውን በጽሑፍ የሚያደርጉት ነገ በሰው ትውስታና በተጣመመ ምስክርነት እንዳይናወጥ ነው። ውሉን ካልተዋዋሉ ወገኖች መካከል በጽሑፉ ብቻ ተማምኖ ገንዘብ የሚያበድር ወይም መብቱን የሚገዛ ሰውም አለ፤ እርሱ በሁለቱ መካከል በቃል የተባለውን ሊያውቅ አይችልም። ሆኖም እነዚህ ጥሩ ምክንያቶች የሚደግፉት ለጽሑፉ ትልቅ ክብደት መስጠትን ነው እንጂ ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያነብ አይደለም። ዳኛው ወረቀቱን ብቻ አይቶ ግልጽ ነው ሲል፣ በተዋዋዮቹ ልማድ ምትክ የራሱን የቋንቋ ልማድ እያስገባ ነው። ስለዚህ አንቀጽ 1733ን የማነበው፣ ማስረጃውን በመጀመሪያ ደረጃ መመልከትን ሳይከለክል፣ ከተመለከቱት በኋላ ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ የሚቀበል ሆኖ ሲገኝ ከእርሱ መራቅን የሚከለክል ድንጋጌ አድርጌ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ከባዱ ጥያቄ፣ ቃሉ በእርግጥ አንድ ትርጉም ብቻ እያለው ውጤቱ ግን ክፉ ሲሆን ምን ይደረጋል የሚለው ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ የሄዱበት መንገድ ቀጥተኛ አይደለም። በ1973 በጌቶች ምክር ቤት፣ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በነበረው፣ በተወሰነ ጉዳይ አንድ አከፋፋይ ወኪሎቹን ስድስት ታላላቅ የመኪና አምራቾችን በየሳምንቱ እንዲጎበኙ ሊልክ የተዋዋለ ሲሆን፣ ይህም የውሉ «ቅድመ ሁኔታ» ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር። ቃሉ በሕግ ሙያዊ ፍቺው ከተወሰደ፣ በውሉ ዘመን ከሚደረጉት ከአንድ ሺህ በላይ ጉብኝቶች አንዲቷ ብትጓደል ውሉን ለማፍረስ ታበቃለች። ሎርድ ሪድ አንድ ትርጉም የሚያስከትለው ውጤት ምክንያታዊነት የራቀው በሆነ መጠን ተዋዋዮቹ ያንን አስበዋል ማለት ይበልጥ እንደሚከብድ ገለጹ። ሌላው የውሉ ክፍል ከባድ ጥሰት ሲፈጸም ለማረሚያ ጊዜ ይሰጥ ስለነበር ሁለቱን አስማምቶ ማንበብ ተቻለ። በ1997 ሎርድ ሆፍማን የውል ትርጉም ማለት በውሉ ጊዜ ለሁለቱም ወገኖች ሊታወቅ ይችል የነበረውን ሁኔታ ሁሉ የሚያውቅ አመዛዛኝ ሰው ከጽሑፉ የሚረዳው ነው በማለት አስፋፉት፤ በ2011ም ቃሉ ሁለት ትርጉም ሲቀበል ለንግዱ አስተዋይነት የሚስማማው እንዲመረጥ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰነ።

ይህ መንገድ ገደብ እንዳለው የታየው በ2015 ነው። በደቡብ ዌልስ የባሕር ዳርቻ ላይ የሚገኙ የመዝናኛ ቤቶች ለ99 ዓመት ሲከራዩ፣ ተከራዮቹ ለጋራ አገልግሎት በዓመት 90 ፓውንድ እንዲከፍሉ፣ በአንዳንዶቹ ውሎች ላይ ደግሞ ይህ ክፍያ በየዓመቱ በ10 በመቶ ላይ በላዩ እየተደመረ እንዲጨምር ተጽፎ ነበር። ብዙዎቹ ውሎች በተጻፉበት ዘመን የዋጋ ንረቱ ከፍተኛ ስለነበር አሥር በመቶ የማይመስል ቁጥር አልነበረም። ንረቱ ሲወርድ ግን ስሌቱ መሮጡን ቀጠለ፤ በዚሁ ከተሄደ በ2072 አንድ ቤት በዓመት ከ550,000 ፓውንድ በላይ ለአገልግሎት ብቻ ይከፍላል። ተከራዮቹ አሥር በመቶው ጣሪያ ተብሎ ይነበብልን፣ እውነተኛው ወጪ ከዚያ ካነሰ ያነሰውን እንክፈል አሉ። ሎርድ ኑበርገርና ሦስት ባልደረቦቻቸው እምቢ አሉ፤ ሎርድ ካርንዋዝ በሐሳብ ተለዩ።

ውሳኔው ያማል። ውጤቱን ሳስበው ያልተጎዳ ሰው በክርክሩ ውስጥ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ ያም ሆኖ አብላጫው ድምፅ ትክክል ነው እላለሁ። በጽሑፉ ውስጥ «ጣሪያ» የሚል ትርጉም የሚሸከም ቃል አልነበረም፤ ተከራዮቹ የጠየቁት ከሁለት ትርጉሞች አንዱ እንዲመረጥ ሳይሆን አዲስ ሐረግ እንዲጨመር ነው። ውሉ መጥፎ የሆነው ሲፈረም ሳይሆን ዓመታት ሲያልፉ ነው፤ ኋላ የመጣ ጉዳት ደግሞ ተዋዋዮቹ መጀመሪያ ምን ማለታቸው እንደነበረ አይነግረንም። የእኛም ሕግ በአንቀጽ 1714 ንዑስ አንቀጽ 2 ዳኞች በትርጉም ስም ለተዋዋዮች ውል እንዳይፈጥሩላቸው፣ በአንቀጽ 1763 ደግሞ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ቢከብድም ውሉ ጸንቶ እንደሚቆይ ይደነግጋል። ሁኔታን ማየት ለቃሉ ትርጉም ለመስጠት ይጠቅማል፤ ቃሉን ለመተካት ግን አያገለግልም። ያው የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ጽሑፉንና ሁኔታውን ማንበብ ሁለት ተቃራኒ ትምህርቶች ሳይሆኑ ዳኛው እንደ ውሉ ዓይነት የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች መሆናቸውን የገለጸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የትኞቹ ማስረጃዎች ሊሰሙ ይገባል በሚለው ላይ ግን ከእንግሊዞች ጋር አልስማማም። በእነርሱ ሕግ ከውሉ በፊት የተደረገ ድርድር ለትርጉም አይቀርብም፤ ይህም በ2009 በድጋሚ ጸንቷል። ከውሉ በኋላ ያለው የተዋዋዮች ጠባይም እንዲሁ ተቀባይነት የለውም። በ1980 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ውል ስምምነት በአንቀጽ 8 ድርድሩም፣ በመካከላቸው የዳበረው አሠራርም፣ የኋላው ጠባይም ይታይ ይላል፤ የእኛ አንቀጽ 1734 ንዑስ አንቀጽ 2ም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በተለይ የኋላው ጠባይ ዋጋው ከፍ ያለ ይመስለኛል። በድርድር ጊዜ እያንዳንዱ ወገን የሚፈልገውን ይናገራል፤ የተናገረውን ሁሉ አግኝቷል ማለት ግን አይቻልም። ክርክር ሳይነሣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ወገኖች ክፍያውን በወሩ መጨረሻ ሲከፍሉና ሲቀበሉ ከቆዩ ግን፣ «በየወሩ» የሚለውን ሐረግ እንዴት እንደተረዱት ጠብ ከመጣ በኋላ ከሚሰጥ ከማንኛውም ምስክርነት ይልቅ ያሳያል።

አንቀጽ 1736 የውሉ ድንጋጌዎች አንዱ በሌላው እንዲተረጎሙ፣ አንቀጽ 1737 ደግሞ ሁለት ትርጉም ያለው ድንጋጌ ውጤት በሚሰጠው መንገድ እንዲነበብ ያዛሉ፤ እነዚህ ብዙ ክርክር አያስነሡም። በካናዳ ሁለት የቴሌኮም ድርጅቶች በስልክ ምሰሶዎች አጠቃቀም ላይ በተጣሉ ጊዜ ግን የአንድ ነጠላ ሰረዝ ቦታ ብቻ ውሉ የመጀመሪያው አምስት ዓመት ሳያልቅ ይቋረጣል ወይስ አይቋረጥም የሚለውን ወሰነ። የዘርፉ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2006 ሰረዙን ተከትሎ ይቋረጣል አለ፤ በ2007 ግን ያው የውል ቅጽ በፈረንሳይኛ ሲታይ አሻሚነት እንደሌለው አይቶ ውሳኔውን ለወጠ። ሥርዓተ ነጥብ ምስክር ነው፤ ብቸኛ ምስክር ሲሆን ግን ሌላ መፈለግ ያስፈልጋል።

የቀረው አንቀጽ 1738 ነው። ቃሉ አጠራጣሪ ሲሆን ግዴታ ለገባው ወገን ይተረጎማል፤ አንዱ ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ሌላው እንዲፈርም ብቻ ባቀረበው ቅጽ ላይ ደግሞ ጥርጣሬው በአዘጋጁ ላይ ይተረጎማል። የኢንሹራንስ፣ የባንክ ብድርና የአገልግሎት ቅጾች ሁሉ በዚህ ሥር ይወድቃሉ፤ ቃሉን የመምረጥ ዕድል የነበረው አንዱ ወገን ብቻ በመሆኑ ድንጋጌው ፍትሐዊ ነው። የሚያሳስበኝ ይህ ድንጋጌ በሁለት መንገድ ያለ ቦታው መዋሉ ነው። አንዳንድ ጊዜ የጋራ ሐሳብን ከመፈለግ በፊት ይጠራል፤ ያን ጊዜ በእኩል አቅም የተደራደሩ ነጋዴዎች ውል እንኳ ረቂቁን ማን ጻፈው በሚል ይወሰናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አይደረስበትም፤ ምክንያቱም ማንም ደንበኛ ሳያነብ የፈረመው፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ቅጽ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ግልጽ ነው» ተብሎ ይዘጋል። ዳኛው ቃሉ ለደንበኛው የሚጠቅመውን ትርጉም በአግባቡ ሊሸከም ይችል እንደሆነ መርምሮ፣ አይችልም ካለም ለምን እንዳልቻለ በውሳኔው ካልጻፈ፣ ለደካማው ወገን የተቀመጠው ድንጋጌ የሚሠራበት ጉዳይ ከነጭራሹ አይገኝም፤ ይግባኝ ሰሚው ችሎትም የሚመረምረው ምክንያት አይኖረውም።